ከጠርዙ የሚፈተን ሥራ፦ በቤት የተሰፋ የጊታር አምፕ ልብስ ሂሳዊ ዳሰሳ

ለዚህ ዳሰሳ የመረጥኩት ሥራ ከሸራ፣ ከስፖንጅና ከገበር በቤት ውስጥ የተሰፋ የጊታር አምፕ ልብስ ነው። ሠሪው አዲስ አበባ ውስጥ በሠርግና በምሽት መድረኮች ጊታር የሚጫወት ሙዚቀኛ ሲሆን ስሙ እንዳይነሣ ፈልጓል። የሰፋው በቤተሰቡ የእግር ሲንጀር፣ ለገዛ አምፑ ነው።

የልብስ ሰፊ ሥራ በእኛ ዘንድ ሲያምር ይመሰገናል፣ ሲጠብ ይመለሳል፤ ተቀምጦ የሚተነትነው ግን ብዙም የለም። ይህ ልብስ ትንታኔ የሚገባው ነው። የታሰበበት መዋቅር አለው፤ ቁሶቹ በምክንያት ተመርጠዋል፤ ዓላማውም ግልጽ ነው። አንድን ግጥም ስንመረምር ቅርጹ ከይዘቱ ጋር ያለውን ዝምድና እንደምንጠይቅ ሁሉ እዚህም ይኸው ጥያቄ ይነሣል፦ የልብሱ ቅርጽ የተወለደው ከሚሸፍነው ዕቃ ነው ወይስ ከሠሪው ምቾት? የእኔ ንባብ ከሁለቱም ነው ይላል። ሠሪው አምፑን ባዳመጠበት ቦታ ሁሉ ሥራው ይልቃል፤ ስፌት መኪናውን ባዳመጠበት ቦታ ግን ይደክማል።

አስቀድሞ ስለ አምፑ። ፌንደር ኩባንያ ዴሉክስ ሪቨርብ የተባለውን ሞዴል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የሠሪያችን አምፕ በዚያ ዘመን መልክ እንደገና ከተመረቱት አንዱ ሲሆን 22 ዋት ጉልበት፣ ባለ12 ኢንች አንድ ስፒከርና 19 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት አለው። ቁመቱ 44.5፣ ወርዱ 62፣ ጥልቀቱ ከታች በኩል 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። «ከታች በኩል» ማለቴ ያለምክንያት አይደለም፤ ሣጥኑ ከጎን ሲታይ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ ጥልቀቱን አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው ልብሱ ከላይ ይሰፋበታል። እጀታው በላይኛው ገጽ መሐል ላይ ተኝቷል። በሁለቱ ጎኖች አምፑን ወደ ኋላ ደገፍ የሚያደርጉ የሚያብረቀርቁ የብረት እግሮች ታጥፈው ተለጥፈዋል። ጀርባው ደግሞ ከላይና ከታች በጣውላ ተሸፍኖ መሐሉ ክፍት ነው፤ የአምፑ የመስታወት ቲዩቦች ከላይ ወደዚያ ክፍተት ተንጠልጥለዋል።

ሣጥኑ ራሱ የለበሰ መሆኑንም ማስታወስ ይጠቅማል። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አምፖቹን ያለብስ የነበረው ለሻንጣ መሥሪያ በሚያገለግል ጨርቅ ነበር፤ በ1960ዎቹ ቦታውን ቶሌክስ የሚባለው ሸካራ የፕላስቲክ ልባስ ያዘ። ቶሌክስ አንዴ ከተቀደደ ጠባሳው አይጠፋም። ቲዩብ ቢሰበር ደግሞ እዚህ አገር ከማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። እንግዲህ የልብሱ ጭብጥ ይህ ነው፦ ለመተካት የሚከብድን ነገር ከቤት ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ቤት በደህና ማድረስ።

ፍትሐዊ ለመሆን ሥራውን በራሱ ዓላማ መመዘን ይገባል። ከፋብሪካ የሚመጡት ልብሶች አብዛኞቹ ስስ ናቸው፤ አቧራ ይከላከላሉ፣ ግጭት ግን አይመክቱም። በሌላው ጫፍ ከኮምፖርሳቶና ከአሉሚኒየም ጠርዝ የሚሠራው የጉዞ ሣጥን አለ፤ አምፑን ከማንኛውም ነገር ያድነዋል፣ ግን ከባድ ነው፣ በታክሲ የኋላ ዕቃ መጫኛም አይገባም። ሠሪው የመረጠው መካከለኛውን መንገድ ነው። አምፑ በሰው እጅ ተነሥቶ፣ መኪና ውስጥ ከድምፅ ማጉያ ማቆሚያዎችና ከከበሮ ዕቃዎች ጋር ተጠጋግቶ፣ ደረጃ ወጥቶ ይደርሳል። ልብሱ ከዚህ ጉዞ በላይ ቃል አይገባም። እንዲያውም በአንድ ነገር ቁጥብነቱን አደንቃለሁ። ይህ አምፕ የ120 ቮልት ስሪት ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ የሚሠራው በትራንስፎርመር ነው፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ከባድ ብረት ነው። ብዙ ሰው ለእሱም ኪስ እሰፋለታለሁ ብሎ ይፈተናል። ሠሪው አልሰፋም። የሚጠብቀውን ዕቃ ከሚጎዳው ዕቃ ለይቷል።

ወደ መዋቅሩ እንለፍ። ልብሱ የተገነባው ከሦስት ቁራጮች ነው፦ ከፊት ግርጌ ተነሥቶ በላይኛው ገጽ አልፎ እስከ ኋላ ግርጌ የሚወርድ አንድ ረጅም ቁራጭና ሁለት ጎኖች። የተለመደው አሠራር ፊቱን፣ ኋላውን፣ ላዩንና ሁለቱን ጎኖች ለየብቻ ቆርጦ አምስቱን ማገጣጠም ነው። አምስቱ ለመቁረጥ ይቀላሉ፣ ጨርቅም ይቆጥባሉ። ነገር ግን የፊቱና የኋላው ስፌት ከላይኛው ገጽ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ የመርፌ ቀዳዳ ሁሉ የውኃ መግቢያ ነው። ሠሪው ረጅሙን ቁራጭ ሳይቆርጥ በማሳለፉ እነዚህ ሁለት ስፌቶች ከነጭራሹ ቀርተዋል። ጎኖቹ ደግሞ አራት ማዕዘን አይደሉም፤ የሣጥኑን ዝንባሌ ተከትለው ከላይ ጠበብ ብለው ተቆርጠዋል። ልብሱ አምፑ ላይ ሲወርድ የትም ቦታ የሚንጠለጠል ጨርቅ አይታይም።

በዚህ መዋቅር ውስጥ ላልተለማመደ ዓይን የማይታይ፣ ለእኔ ግን የሥራው ከፍተኛ የእውቀት ምልክት የሆነ ነገር አለ። ሙሌት ያለው ልብስ ሲሰፋ ውጪኛው ሸራና ውስጠኛው ገበር በአንድ ልክ መቆረጥ የለባቸውም። በመካከላቸው የ1 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ካለ ውጪኛው በወርዱ ከገበሩ 2 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ስፖንጁ በሁለቱም ወገን ቦታ ይይዛልና። በአንድ ልክ ከተቆረጡ ገበሩ ውስጥ ይጨማደዳል፣ ሸራው ደግሞ ተወጥሮ ስፌቱን ይስባል። የብዙ ቤት ሠራሽ ልብሶች ሕመም ይህ ነው። ሠሪያችን ልዩነቱን ጠብቋል። እጄን ከውስጥ አስገብቼ ከግርጌ እስከ ጣሪያ ስዳስሰው ገበሩ እንደ ተዘረጋ ነው። የመረጠውም ለስላሳና የሚያንሸራትት ጨርቅ ነው፤ ስለዚህ ልብሱ ሲወልቅ የቮልዩምና የትሬብል ቁልፎችን ይዞ አያዞራቸውም፣ ከፊት የወጣችውን ቀይ የመብራት ፈርጥም አይጎትታትም።

ስፖንጁን ከሸራው ጋር አብሮ አለመጥቀሙም ሊመሰገን ይገባል። ስፖንጅ በጊዜ ብዛት እንዳይንሸራተትና እንዳይሰበሰብ በመስመር በመስመር መጠቀም አለበት። ቀላሉ መንገድ ሦስቱንም ንብርብር በአንድ ላይ መስፋት ነው፤ ደግሞም ከውጪ ሲታይ ያምራል። ሠሪው ግን ስፖንጁን ከገበሩ ጋር ብቻ ጠቅሞ ሸራውን ንጹሕ አድርጎ ትቶታል። ለዓይን ውበት ሲል ሸራውን በመርፌ አልወጋም። ጭብጡ ቅርጹን የሚገዛበት ቦታ ይህ ነው።

ሁለት ንዑስ ክፍሎችን ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። አንደኛው የእጀታው መውጫ ነው። ልብስ ሰፊው አምፑን የማያውቅ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቀዳዳ ቀድዶ ጠርዙን ቀምቅሞ ያልፍ ነበር። ሠሪው የመውጫውን አራት ማዕዘኖች ክብ አድርጎ ቆርጧቸዋል፤ ስለታም ማዕዘን እጅ በገባና በወጣ ቁጥር ከጫፉ መቀደድ ይጀምራልና። ዙሪያውን ከአሮጌ ቦርሳ በተወሰደ ቆዳ ከፍፎታል። ከላዩ ደግሞ ከመውጫው በሁሉም አቅጣጫ ተርፎ የሚወርድ መክደኛ አለ፤ መክደኛው ከሸራው ጋር የተያያዘበት ስፌት በራሱ በመክደኛው እጥፋት ሥር ተደብቋል። በላይኛው ገጽ ላይ ያሉት ስፌቶች እነዚህ ብቻ ናቸው፤ እነሱም በጥላ ሥር ናቸው። መክደኛው ወደ ኋላ እንዲከፈት ተደርጓል።

ሁለተኛው የጎኖቹ ጉዳይ ነው። የታጠፉት የብረት እግሮችና የታሰሩበት ብሎን ከሣጥኑ ጎን ትንሽ ወጣ ይላሉ፤ መኪና ሲንቀጠቀጥ ገበሩን ከውስጥ ይፈገፍጉታል። ሠሪው ሸራውን ከመቁረጡ በፊት ከአቡጀዲ የሙከራ ልብስ ሰፍቶ ነበር። እግሮቹን በጠመኔ ቀብቶ አቡጀዲውን አልብሶ አሽቷል፤ የጠመኔው አሻራ የሚያልቅበትን ቦታ አሳይቶታል። ያ አቡጀዲ አሁንም አለ፤ የጠመኔው መስመር በሁለቱም ጎን ይታያል። በዚያው መስመር ላይ፣ ከዚያ ሳያልፍና ሳያንስ፣ ከአሮጌ ጂንስ የተቆረጠ ድርብ ጨርቅ በገበሩ ላይ ሰፍቷል። ከሥራው ሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ይህ ነው። ማንም የማያየው ቦታ ነው፤ እዚያ የዋለው ድካም ግን የሠሪውን ንባብ ጥልቀት ይመሰክራል።

ቁስ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ቋንቋው ነው፤ በዚህ ረገድ ፍርዴ ይከፈላል። ሸራው የጥጥ ነው። ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ውኃ ባያሳልፍም እርጥበትን ከውስጥ ያፍናል፤ በብረትና በጣውላ ለተሠራ ዕቃ ደግሞ የታፈነ እርጥበት ጠላት ነው። ጥጥ ይተነፍሳል። ጥጥ ሲርስ ስለሚያጥር ሠሪው ሸራውን ከመቁረጡ በፊት ዘፍዝፎ አድርቆታል፤ ይህን ባያደርግ ኖሮ ልብሱ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ አምፑ ላይ አይወርድም ነበር። ክሩ ፖሊስተር ነው፤ የጥጥ ክር በእርጥበት ስለሚበሰብስ ምርጫው ልክ ነው። መርፌው 16 ቁጥር ነው፤ ለዚህ ውፍረት ይበቃል።

የመርፌ እርምጃው ግን አንድ ወጥ አይደለም። በሸራው ላይ ረዘም ያለና የተስተካከለ ነው፤ ቆዳው ላይ ሲደርስ ግን ያጥራል። ምናልባት ጠንከር እንዲል ታስቦ ይሆናል። ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ቆዳ እንደ ጨርቅ ክሩን ገፋ አድርጎ መርፌውን አያሳልፍም፤ ይበሳል፣ ብሱም አይደፈንም። እርምጃው ሲያጥር ቀዳዳዎቹ ይቀራረቡና ቆዳው ለመቀደድ እንደ ተበሳ የቴምብር ጠርዝ ይሆናል። ከእጀታው መውጫ በስተቀኝ በኩል ቆዳው አሁኑኑ መስመሩን ተከትሎ መሳሳት ጀምሯል። ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር እርምጃ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ከዚህ የሚከብደው የስፖንጁ ነገር ነው። የተጠቀመው ተራ የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ለስላሳ ነው፣ ከየትም ይገኛል፣ በመቀስ ይቆረጣል፤ ምርጫው የሚገባ ነው። ሆኖም የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ስለሆኑ ውኃ ይጠጣል፣ ከጠጣም ቶሎ አይደርቅም። ሐምሌ ውስጥ ሸራውን አልፎ የገባ ውኃ ስፖንጁ ውስጥ ሰንብቶ አምፑን ከውስጥ ያረጥበዋል። ከዚህም ሌላ ይህ ስፖንጅ በዓመታት ብዛት ቢጫ ሆኖ እየተፈረፈረ ዱቄት ይሆናል፤ በተጠቀመው ገበር ቀዳዳዎች በኩል የሚወጣው ዱቄት የሚወርደው በቁልፎቹ ላይ ነው። ውኃ የማይጠጣው፣ ቀዳዳዎቹ የተዘጉት ዓይነት ስፖንጅ ለስፖርት መሥሪያ ምንጣፍ ሆኖ ይሸጣል። ውፍረቱ ያንሳል፣ ጥንካሬው ግን ይበልጣል፤ ለዚህ ሥራም የሚመረጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነቀፌታ ደርሰናል፤ እሱም ጠርዞቹን ይመለከታል። ሦስቱን ቁራጮች ለማገጣጠም ሁለት ሸራ፣ ሁለት ገበርና ሁለት ስፖንጅ በአንድነት ከመኪናው እግር ሥር መግባት ነበረባቸው። የቤት ሲንጀር ይህን ያህል ውፍረት አይውጥም። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ስፖንጁን ከስፌቱ መስመር ላይ ቆርጦ ማስቀረትና ጨርቁን ብቻ መስፋት። ሠሪው ይህን አድርጓል፤ ግን አብዝቶታል። ስፖንጁ የሚያበቃው ስፌቱ ጋ አይደለም፤ ከስፌቱ ወደ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ገብቶ ነው። በዚህ የተነሣ በእያንዳንዱ የጎን ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ምንም ሙሌት የሌለው መስመር ተፈጥሯል። ጠርዙን በጣቶቼ ቆንጥጬ ስይዘው የማገኘው ሸራና ገበር ብቻ ነው።

ይህን ለምን አከበድኩት? ሣጥን የሚጋጨው በጠርዙ ስለሆነ ነው። ከደረጃው ብረት፣ ከበሩ መቃን፣ ከመኪናው በር ጋር የሚገናኘው ጠርዙ ነው። ሰፊው ገጽ የሚመታው አልፎ አልፎ ነው፤ በሰፊው ገጽ ላይ ደግሞ ሙሌቱ ሙሉ ነው። በአራቱ ማዕዘን ያሉት የፋብሪካ ብረቶች ጫፉን ቢጠብቁም በመካከላቸው ያለው ረጅሙ ጠርዝ ለቶሌክሱ ብቻ ተትቷል። ልብሱ ጠንካራ የሆነው አደጋው በሚያንስበት፣ ደካማ የሆነው አደጋው በሚበዛበት ቦታ ነው። ሠሪው ለእግሮቹ ያደረገውን ዓይነት ጥንቃቄ እዚህ ቢደግመው ኖሮ መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። ቁራጮቹ ከተገጣጠሙ በኋላ፣ ገበሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የስፖንጅ ጠፍር በጠርዙ ላይ አጥፎ በእጅ ስፌት ከገበሩ ጋር መያዝ ይቻላል። መኪናው የማይደርስበትን መርፌና እጅ ይደርሱበታል።

በጀርባው ያለው ኪስም ቦታውን ስቷል። የተሰፋው ለኤሌክትሪክ ገመዱና በእግር ለሚረገጠው የሪቨርብ ማብሪያ ነው፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ያረፈው ግን በጀርባው መሐል፣ ክፍተቱ ባለበት ከፍታ ላይ ነው። ማብሪያው ብረት ነው፤ አምፑ በጀርባው ከሌላ ዕቃ ጋር ሲጠጋ ኪሱ ወደ ክፍተቱ ይገፋል፤ ከክፍተቱ በላይ ደግሞ ቲዩቦቹ አሉ። ኪሱ ወደ ታች ቢወርድና ከታችኛው ጣውላ ትይዩ ቢሆን ግፊቱን የሚቀበለው እንጨቱ ይሆን ነበር።

ከግርጌ ዙሪያውን ስለተሰፋው የጥበብ ጥለት አጭር ቃል ብቻ ልበል። ቀለሙ ከአመድማ ሸራው ጋር ይስማማል፤ ሠሪው አገሩን በሥራው ላይ ለማኖር መፈለጉም ልብ ይነካል። ነገር ግን ግርጌው መሬት የሚነካ፣ የፈሰሰ መጠጥና የተጎተተ ገመድ የሚያገኘው ክፍል ነው። ጥለቱ ለነጠላ ጫፍ የተሸመነ ስስ ነገር ነው፤ እዚያ አይበረክትም። በእጀታው መክደኛ ላይ ቢሆን ይታይ ነበር፣ ይቆይም ነበር።

ይህን ዓይነት ሥራ ስናይ የምናመሳስለው ከውጭ ከመጣ ዕቃ ጋር ብቻ መሆን የለበትም። ለአንድ ዕቃ፣ በዚያው ዕቃ ልክ፣ ለጉዞ ተብሎ መስፋት ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። የብራና መጻሕፍታችን የቆዳ ማኅደር የሚሰፋው ለአንዱ መጽሐፍ ልክ ነበር፤ ማንገቻ ይደረግለታል፣ በትከሻ ይወርዳል፣ በግድግዳ ችንካር ላይ ይሰቀላል። የማኅደር ሰፊው መመዘኛ ጥብቀት ነው፦ መጽሐፉ ውስጥ የማይንቀሳቀስ፣ ሲወጣም የማይታገል መሆን አለበት። በዚህ መመዘኛ ልብሱ ያልፋል። አምፑን አልብሼ በእጀታው አንሥቼ ብወዘውዘው ጨርቁ አልተንቀሳቀሰም፤ ለማውለቅም ሁለት እጅና አንድ ሰው በቃ። የጠርዙን ጉድለት ባነሣሁበት ድምፅ ይህንንም መናገር ግዴታዬ ነው፤ ብዙ በገንዘብ የሚገዙ ልብሶች ይህን አያሟሉም።

በአጠቃላይ ሥራው በንባቡ ጠንካራ፣ በመዋቅሩ የታሰበበት፣ በአፈጻጸሙ ደግሞ በሁለት ቁም ነገሮች፣ በስፖንጁ ዓይነትና በጠርዞቹ፣ የጎደለ ነው። ሁለቱም ልብሱን ሳይጥሉ የሚታረሙ ናቸው፤ የገበሩ የግርጌ ስፌት ቢፈታ ወደ ውስጥ መግባት ይቻላል። ሠሪው ከመጪው ክረምት በፊት ስፖንጁን እንዲቀይር፣ በጎኖቹ ጠርዞች ላይ ጠፍር እንዲጨምርና ኪሱን እንዲያወርድ አሳስባለሁ። የወረቀት ልኬቶቹና ያ የጠመኔ አሻራ ያለበት አቡጀዲም እንዳይጣሉ፤ ተመሳሳይ አምፕ ላላቸው ሌሎች ተጫዋቾች ቢያውሳቸው ትልቅ ውለታ ነው። ለራሳችሁ ልትሰፉ ያሰባችሁም አምፑ ሞቆ ሳለ ምንም ዓይነት ልብስ አታልብሱት፤ ቲዩቦቹ እስኪበርዱ ጠብቁ። ልብሱ አሁን ባለበት ሁኔታ ለበጋ ጉዞ ይበቃል፤ ለክረምት ግን ገና ነው።